በኮዶምቶላ በሮች ላይ ስለጻፍነው ቁጥር

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ሞክሌሱር
የሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም በማንም ጩኸት የማይቋረጥ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎ ናዝሙን ነኝ። «ሕዝብ መሐል ያልገባ ተማሪ ሶሲዮሎጂን አያውቅም» ብለው አርባ ልጆችን ወደ ኮዶምቶላ የቆርቆሮ ሰፈር ሲልኩ፣ ከፊት ተቀምጬ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

፩. በቅድሚያ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። በየበሩ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር እንድንጽፍ፣ ቤተሰቡን እንድንቆጥር፣ የመሬት ወረቀት እንዳላቸው እንድንጠይቅ አዘዙን። ሰዎቹ ለምን ነው ካሉም «ለውሃ ቧንቧ ነው በሏቸው» አሉን። እኛም አልን፤ ወይ የእኛ ነገር!

፪. ቁጥር 114ን የጻፍኩት በጆሪና ኻላ በር ላይ ነው። «ኻላ» ብላትም አክስቴ አይደለችም፤ «እናትሽ ሩቅ ናት፣ ኻላ በይኝ» ስላለችኝ ነው። ፈንዲሻ ሩዝ በሰናፍጭ ዘይት አሽታ እያቀረበችልኝ፣ «ብዪ እንጂ አንቺ ልጅ! በዚህ አቅምሽ ነው ውሃ የምታመጪልን?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። የመሬት ወረቀት እንደሌላት ለጎረቤት እንኳ አልተናገረችም። ለእኔ ግን ነገረችኝ፣ እኔም በጥንቃቄ መዘገብኩት። ዝናቡ ቁጥሩን ሲያደበዝዝባት፣ ቧንቧው ቤቷን እንዳይስት ብላ ቀለም ለምና በገዛ እጇ አደመቀችው።

፫. ያንን መዝገብ በክፍሉ ማኅተም አስጊጠው ለማዘጋጃ ቤት ስላስረከቡልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዶዘሩ ሲመጣ አፍራሾቹ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ወረቀት የሌላቸውን በሮች ቁጥራቸውን እያነበቡ አፈረሱ። ከሩቅ የሚነበበው የጆሪና ኻላ ነበርና ከእርሱ ጀመሩ። ሰምቼ እየሮጥኩ ስደርስ ፍርስራሹ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ብትሰድበኝ በወደድኩ። «ልጄ፣ ሳደምቀው ቁጥሩን አበላሽቼው ይሆን እንዴ? ማንበብ አልችልም እኮ» አለችኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

፬. በማግስቱ ቢሮዎ ስመጣ፣ «ተመራማሪ ስሜታዊ አይሆንም» ብለው በአባትነት መከሩኝ፤ የማኅበረሰብ አገልግሎት ምስክር ወረቀትም በፈገግታ ሰጡኝ። እኔ እኮ አምኜዎት ነበር! በሮቹን በእርስዎ ስም ምዬ ነው ያስከፈትኳቸው። ምስክር ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ፤ ወረቀት ከሌላቸው ጋር መቆጠሩ ይሻለኛል።

ሰው ቤት ገብቶ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያስተማሩኝን መምህሬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በዳካ ጉባኤ ስለ «ሕዝብ አመኔታ» የሚያቀርቡት ጥናት እንዲሰምርልዎ እመኛለሁ።

የቀድሞ አጨብጫቢዎ
ናዝሙን አራ

ማስታወሻ፦ የኮዶምቶላ የመጨረሻ በር ቁጥሩ 212 ነበር። ዛሬ ጠዋት፣ እርስዎ ሳይገቡ፣ በቢሮዎ በር ላይ በነጭ ቀለም 213 ብዬ ጽፌአለሁ። እባክዎ አይስጉ፤ ለውሃ ቧንቧ ነው።