ጎርፉና ገጀራው

ሚያዝያ 16 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ

ዛሬ ሰው ልገድል ነበር። በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ቲማቲሜን ሲቀጠቅጠው ዋለ። ይሄ ሳያንስ ጎረቤቴ ማርቆስ «ቤቴን ውሃ ሊሞላው ነው» ብሎ አጥሬን ጥሶ ጎርፉን ወደ ጓሮዬ ለቀቀው። ጎመኔ ከነሥሩ ሄደ። ደሜ ፈላ። አንገቱን አንቄ ገጀራዬን ሳነሳ ሽማግሌ አባቱ መሀላችን ተንበረከኩ።

«ልጄ፣ እርጥብ ይዤ ለምኜሃለሁ፣ ተው!»

እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ማለፍ በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ነውር ነው። ክንዴ እዚያው ቀረ። ያኔ እጃቸውን አየሁ። ሣሩን ሁሉ ጎርፍ ስለወሰደው የያዙት ሽንኩርት ነው፤ ከጓሮዬ የተረፈችኝን አንዲት መደብ ነቅለው ነው የለመኑኝ!

ገጀራውን ጣልኩት። ልጁን እንደምንም ማርኩት። አባትየውን ምን ላድርጋቸው?