በጥምቀት ማግስት ውሃው ይለቀቃል ብለህ ነበር

ለባለቤቴ ለአበጀ፣

በሰው ፊት ሁልጊዜ አንቱ እያልኩህ ኖርኩ። ዛሬ ግን አንቱታ የለም፤ ተናድጄብሃለሁና አንተ ልበልህ። ከተለየኸኝ አርባህ ወጥቷል፣ መንፈቅህም ታስቧል። የመንፈቅህ ዕለት ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ እኔ ጥግ ቆሜ በሆዴ ካንተ ጋር ስጣላ ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ያን ሁሉ ነገር በአፍህ ብቻ ይዘኸው መሄድህ ምን የሚሉት ነው?

እንደ ልማድህ የረግረጉን ሁኔታ ላስቀድም። ማታ ደጃፍ ላይ ጭቃህን እያራገፍክ፣ ውሃው ጉልበት ድረስ ነው፣ ነፋሱ ከሞጣ በኩል ነው፣ ዳክዬው ፊላው ሥር፣ ትልቁ የውሃ ወፍ ይብራው ሜዳው ዳር ሰፍሯል ትለኝ ነበር። እኔም ምን አገባኝ እያልኩ እየተነጫነጭኩ አንድም ሳይቀር እሰማህ ነበር። የዘንድሮውን ደግሞ ከእኔ ስማ። እስከ ሁዳዴ መያዣ ድረስ ውሃው ከወገብ በላይ ነበር። ዳሩ ሸቷል፣ ቄጠማው ሰምጦ በስብሷል፣ ወፍ የሚባል የለም። ከማርቆስ የመጡት አዳኞች ጎህ ሳይቀድ ፊላው ውስጥ ተደብቀው ሲንቀጠቀጡ አርፍደው፣ አንድ ጥይት ሳይተኩሱ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

እኔ እንኳ ለወፎቹ ብዬ አይደለም አንጀቴ የሚያርረው። ታውቀኛለህ። መንግሥት ለአዳኝ የከለለውን ረግረግ ስትጠብቅ ብቸና በሙሉ ሲስቅብህ፣ ክርስቲያን አፉ የማያደርሰውን ወፍ የሚጠብቅ ዘበኛ ሲሉህ፣ አብሬ ስቄብሃለሁ። አንድ ጊዜ አንዱ አዳኝ ሁለት ዳክዬ ሸልሞህ፣ አንገታቸውን ይዘህ ደጅ ላይ እንደ ሌባ ቆመህ ስታየኝ ትዝ ይልሃል? ድስቴን አላስነካህም ብዬ ጮህኩብህ። ሥጋውን ከሩቅ አገር ለመጡት አስተማሪዎች ሰጥተህ ላባውን አጥበህ አመጣህልኝ። ትራስ አደረግኩት። እስከ መጨረሻህ የተኛኸው እሱ ላይ ነው፤ አሁን እኔ እተኛበታለሁ።

አንጀቴ የሚያርረው በቃልህ ነው። መጀመሪያ ገደማ ገበሬው ለከብቱ ሣር ሲል የውሃውን በር ሣንቃ እየነቀለ፣ አንተ ስትመልስ፣ ዱላ እስከ መማዘዝ ደርሳችሁ ነበር። በኋላ ጊዮርጊስ ቅጥር ሽማግሌ ተቀምጦ ታረቃችሁ። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ውሃው ይዘጋል፣ ከብት አይገባም፣ እንቁላል አይነካም። በጥምቀት ማግስት አንተ በገዛ እጅህ ሣንቃውን ትነቅላለህ፣ ሣሩም እስከ ክረምት የከብት ነው። በጊዮርጊስ ምለህ ቃል ሰጠህ። እኔም ለሽማግሌዎቹ ጠላ እየቀዳሁ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሣንቃ አልጠፋም፤ የውጭ ከብት ሲገባ የሚያባርሩት ራሳቸው ገበሬዎቹ ነበሩ። ዘበኛ ያደረገህ መሥሪያ ቤትም አንተን አመሰገነ።

ለመሥሪያ ቤቱ ግን ትንፍሽ አላልክም! ንገራቸው ብዬ ስንት ጊዜ ወተወትኩህ። ከነገርኳቸው ይከለክሉኛል፣ እኔ እያለሁ ምን ይመጣል ብለህ ሳቅክ። አለህ እንዴ? ይኸው የለህም።

በቦታህ አቶ ፈቃደ የሚባል ሰው ከሸዋ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ለአዳኞች ሻይ እያፈላሁ በዘበኛው ቤት እንድቆይ ፈቀደልኝ። ግን ውሃ ሲበዛ ወፍ የሚበዛ መስሎት ከላይ አንድ ሣንቃ ጨመረ። ጭራቸውን ሽቅብ አድርገው ከሥር የሚለቅሙት ዳክዬዎች ጭቃው ራቃቸው፤ ዞረው ዞረው ሄዱ። ነገርኩት። ሊሰማኝ ሲል ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ለአደን ይመጣሉና ውሃውን እንዳትነካ የሚል ትእዛዝ ደረሰው። ለጥምቀት ይመጣሉ ተባለ። ከጥምቀት በኋላ ተባለ። ቀጥሎ ለቅበላ ተባለ። ትልቁ ሰውዬ የውሃ ሽታ ሆነ።

ጥምቀት ሲያልፍ ጎረቤታችን አያ ደምሌ ደጃፌ መጥቶ ቆመ። ወደ ረግረጉ አየ፣ ወደ እኔ አየ። የሚያርስበት ቡሬ በሬው አጥንቱ ወጥቶ ነበር። ሌላ ቀን ወድቆ በጭራና በቀንድ ይዘው አነሡት። ሽማግሌ ሰብስቦ አቶ ፈቃደ ዘንድ ሄደ፤ እኔም ሄድኩ። አቶ ፈቃደ ይህን ውል የሚያረጋግጥ ወረቀት አምጡ አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ አልኩት። አክብሮኝ ነው፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ነው፣ ግን ቃሉ የባለቤትዎ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ሞተዋል አለኝ። 

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዉ በዘበኛው ቤት መቀመጤን አይቶ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የወገንኩ መሰለው። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ሴቶቹ ሰላምታቸውን ከአፋቸው ጫፍ ይሰጡኝ ጀመር። አበጀ ሸንግሎን ሞተ፣ በጊዮርጊስ ምሎ ዋሸ ማለታቸውን ሰማሁ። እኔን እንደ ፈለጉ ይበሉኝ። አንተን ግን ዋሾ ሲሉህ እንዴት ብዬ ልቻል?

የቅዳሜ ገበያ ዕለት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ አላፊ አግዳሚው እያየ፣ ዶማህን ይዤ ወረድኩ። ማታ አላደርገውም አልኩ፤ በማንም እንዳይሳበብ። ቀሚሴን ሸብ አድርጌ እስከ ደረቴ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ሣንቃው አብጦ እንቢ ይላል። አንዱን በነቀልኩ ቁጥር አንተን እሰድብ ነበር፣ ደግሞም አለቅስ ነበር። አያ ደምሌ ሊያግዘኝ ሲሮጥ ሂድልኝ፣ እንዳትጠጋኝ ብዬ ጮህኩበት። የመጨረሻው ሲነቀል ውሃው ጎትቶ ሊወስደኝ ነበር፤ ፊላ ይዤ ተረፍኩ። ከዚያ ከነርጥበቴ አቶ ፈቃደ ቢሮ ገብቼ የባሌን ቃል ፈጸምኩ አልኩት። ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ቤቱን እንዲለቁ መጻፍ ግዴታዬ ነው አለኝ። ጻፍ አልኩት። እሱም ልጆች ያሉት ሰው ነው።

ያ ሁሉ ውሃ የታሰረለት እንግዳም ዝዋይ ሄዶ እዚያው አደነ አሉ። ስሰማ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ወፎቹ ግን መጡ። ውሃው ጉልበት ላይ ሲደርስ ከየት እንደ ወጡ እንጃ፣ ዳክዬውም ይብራውም ጢም ብሎ አደረ። ሣሩ ብቅ ሲል የአያ ደምሌ ቡሬ ገብቶ ሲግጥ እግሩ ሥር ዳክዬ ይለቅም ነበር። ጓዜን አህያ ላይ እየጫንኩ ቆሜ አየሁት። አንተ ነበርክ ማየት የነበረብህ፤ ለዚህም ተናደድኩብህ።

ይህን የምጽፍልህ ከሞጣ፣ ከወንድሜ ቤት ነው። አቶ ፈቃደ የጨመረውን ያን የላይኛውን ሣንቃ ይዤው መጥቻለሁ፤ ወንድሜ ሴት ከባሏ ቤት ሣንቃ ይዛ ትመጣለች ወይ ብሎ ይስቅብኛል። አሁን የተቀመጥኩት እሱ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አያ ደምሌ ሰው ልኮብኛል። አቶ ፈቃደ የወፎቹን መመለስ አይቶ፣ ለመስቀል ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት መጥተው የሰሙትን ይናገሩልኝ፣ እኔም ለአለቆቼ አስታውቃለሁ ብሏል አለኝ መልእክተኛው። እሄዳለሁ። አለቆቹ እንቢ ካሉም በጥምቀት ማግስት ዶማህን ይዤ እሄዳለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ እሄዳለሁ።

አልረሳህም። ንዴቴም ገና አልበረደልኝም፤ እዚያ ስንገናኝ እንታረቃለን። እስከዚያው ቃል የሰጠው ሞቷል ለሚለኝ ሁሉ፣ የሰማችው አለች እለዋለሁ።

ያንተው ጥሩወርቅ