በላጲስ የተፋቀው ምልክት

ውድ እህቴ፣ የኔ ታናሽ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ። ያ ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው በስልክ ስናወራ «ቆይ እስቲ ልቀመጥ» ስትዪ ሰምቼ ሳስብሽ ነው የሰነበትሁት። ባለቤትሽስ፣ ያ ሳል ለቀቀው? ትንንሾቹስ፣ ጥርስ የነቀሉት በቀለላቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር የጎደለን የለም። እኔ ዘንድ ሆና የምትማረው ልጅሽ ቆቅዬም ደህና ናት። በቁመት በልጣኛለች፤ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ የምታወርድልኝ አሁን እሷ ናት። ይህን ሁሉ ወረቀት የምፈጀው ግን ስለ ቁመቷ ላወራሽ አይደለም። ሳላማክርሽ ያደረግሁት አንድ ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከኔው ይሻላል። አትደንግጪ፣ ክፉ ነገር አይደለም። እኔማ ደስታው ከያዘኝ ሳምንት አልፎኛል።

እንደምታውቂው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ከተቀመጥሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ተማሪዎች ለከርሞ የሚማሩትን የሚመርጡበት ቅጽ በእጄ ያልፋል። ጤና፣ ንግድ፣ ግብርና፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፤ ከአራቱ አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ዘንድሮ ኮምፒውተር የመረጡት ዘጠኝ ብቻ ሆኑ፣ ዘጠኙም ወንዶች። ርዕሰ መምህሯ ደግሞ አሥራ አምስት ካልሞሉ ክፍሉ አይከፈትም ብለዋል። የኮምፒውተሩ አስተማሪ ይህን የሰማ ዕለት መጥቶ ወንበሬ አጠገብ ኩርምት አለና «እትዬ፣ ማስተማር አልችልበትም ማለት ነው?» ሲለኝ አንጀቴን በላው። ከሦስት የሞተ ኮምፒውተር አንድ የሚሠራ ማሽን የሚያወጣ ልጅ እኮ ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ቅጾቹን በማኅደር ሳስገባ አንዱ ወረቀት ጣቴን ሻከረኝ። ወደ መስኮቱ አንሥቼ በብርሃን ባየው፣ ኮምፒውተር ከሚለው ጎን በእርሳስ የተደረገ ምልክት በላጲስ ተፍቋል። አዲሱ ምልክት ጤና ላይ ነው። እንግዲህ እኔን ታውቂኛለሽ፣ አንድ ነገር ከጀመርሁ አልተውም፤ ሁሉንም እያነሣሁ በብርሃን አየሁ። አሥራ አንድ ቅጽ ተፍቋል፣ አሥራ አንዱም የሴት ልጆች። አንደኛው የቆቅዬ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ወንዶቹን ነው። የስም መጥሪያውን ይዤ ዘንድሮ ሁሉም በሚማሩት በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ ገባሁና ከኋላ ቆምሁ። ማሽኑ ስለማይበቃ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ማውሱ በወንዱ እጅ፣ ደብተሩ በሴቷ እጅ። ከፊተኛው ረድፍ እስከ ኋለኛው ብትሄጂ ያው ነው። እሱ ይነካል፣ እሷ እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ቁጭ ብላ ያደረገውን ትመዘግብለታለች። ማንም አስገድዷት አይደለም፤ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ ነው። ለአስተማሪው በጆሮው ስነግረው ዞሮ አየና ፊቱ ቀላ። «በየቀኑ እዚህ እየቆምሁ እንዴት አላየሁትም» አለኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ክፍለ ጊዜው ሲጋመስ ያጨበጭባል፣ ማውሱም ከእጅ ወደ እጅ ይዛወራል። የወንዶቹን ኩርፊያ ብታዪ ጡት የተነጠቁ ነው የሚመስሉት።

ሁለተኛ የጠረጠርሁት አንቺን ነው፣ ምን እዋሻለሁ። በደወልሽ ቁጥር «ነርስ፣ ነርስ፣ ሥራ አታጣም» ትያታለሽና። ማታ ዕቃ ስናጥብ፣ እናትሽን ፈርተሽ ነው ወይ የፋቅሽው አልኋት። እሷ ነገር ቶሎ አትናገርም፤ ብርጭቆውን አለቅልቃ፣ ደፍታ፣ እጇን አደራርቃ ነው የመለሰችልኝ። «እናቴ ሩቅ ናት። አንቺስ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ ብላት፣ «የቢሮሽ ማሽን በቆመ ቁጥር በመስኮት ብቅ ትዪና አንድ ወንድ ልጅ ጥሩልኝ ትያለሽ። ግቢው ሙሉ ይሰማል። አብረን እየኖርን እኔን እንኳ አንድ ቀን ጠርተሽኝ አታውቂም» አለች። በቁጣም አልነበረም፣ ሰዓት ስንት ነው ተብላ እንደተጠየቀች ነው የነገረችኝ። ያጠብሁትን ሳህን ደግሜ አጠብሁት።

በማግስቱ ማሽኑ እንደ ልማዱ ቀጥ አለ። በመስኮት ብቅ አልሁና ቆቅዬን ጥሩልኝ አልሁ። መጥታ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ሁልጊዜ የምትመጣ አንዲት ጽሑፍ አለች፤ እኔ እንደ ዝንብ እሽ ብዬ ነው የማባርራት። ያን ጊዜም ላጠፋት እጄን ስሰድ ልጅሽ ያዘችኝና «አንብበሻታል?» አለች። ምኑን አንብቤ! ስንት ዓመት ማሽኑ የት እንዳመመው እየጻፈልኝ፣ አንድ ቀን አላነበብሁለትም። ወንዶቹም ያጠፉታል፣ ያበሩታል፣ ይሄዳሉ፤ እሱም ግማሽ ቀን ይሠራና ይተኛል። እሷ ግን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቦታ ሞልቶብኛል ነበር የሚለው። ለካስ የአንዱን ክፍል ስም ዝርዝር ሰባት ቦታ አስቀምጨዋለሁ። «ይሄ ይፈለጋል? ይሄስ?» እያለች፣ ሳትጠይቀኝ አንዲት ነገር ሳታጠፋ፣ እንደ ጓዳ አጸዳችው። መሀል ላይ የዘጠነኛ ክፍል ዝርዝር ድንገት ጠፋ። ፊቷ አመድ መሰለ። ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ያንን ወንዱ ሲነካ ዓመት ሙሉ የመዘገበችበትን ደብተር። ገልጣ ገልጣ አንድ ገጽ ላይ ቆመች፣ እያየች ነካካች፣ ዝርዝሩ ተመለሰ። እህቴ፣ ጸሐፊ ናት ስንል ሁሉንም ይዛው ኖሯል።

ርዕሰ መምህሯ ነገሩን ሰምተው፣ ሐሳቡን የቀየረ ተማሪ እስከ ዓርብ አዲስ ቅጽ ይውሰድ፣ በእስክሪብቶ ይሙላ አሉ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ መጡ። ሦስቱ ጤናውን ወደውታል፣ እሰየው፤ ያንዷ አባት ግን አሻፈረኝ አለ፣ እሷ እስካሁን በመስኮቴ ስታልፍ ዐይኔን አታይም። ቆቅዬ ዓርብ ዕለት መጨረሻ ላይ መጣች። ምልክቱ በእስክሪብቶ ተደርጓል፣ የወላጅ ፊርማ ቦታው ባዶ ነው። «እናቴን ሳልጠይቅ አይሆንም» አለች። ሦስት ጊዜ ደወልሁልሽ፤ ሥራ ላይ ነሽ መሰለኝ ስልክሽ ዝግ ነው። ቅጹ ማታ ይታሸጋል። ክፍሉ ያለ እሷም ሞልቷል፣ ስለዚህ ለክፍሉ ብዬ ነው ልልሽ አልችልም። በአንቺ ቦታ ፈረምሁ። ጥፋት ከሆነ የኔ ነው፣ እሷን አትቆጪ።

ነርስነትን ንቄ እንዳይመስልሽ። ግን የአባባን የግድግዳ ሰዓት ፈታተሽ የገጠምሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንዲት ብሎን ተርፋ ሰዓቱ ግን ሄደ። ማንም ጎበዝ አላለሽም፤ ዕቃ አትነካኪ ተብለሽ ተገረፍሽ። ያሳበቅሁብሽም እኔ ነበርሁ። እሑድ ስትደውዪ ሌላውን ሁሉ ትተሽ፣ ማሽኑ ምን ብሎ ጻፈ ብለሽ ጠይቂያት። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት።

ትናንት ደግሞ ማተሚያው ቆመ። ከልማዴ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁ፣ አፌንም ከፈትሁ። ከዚያ ዘጋኋቸውና ተመልሼ መነጽሬን አድርጌ አነበብሁ። ወረቀት አልቋል ነው የሚለው። ወረቀት ጨመርሁ። ማንንም አልጠራሁም።

ባለቤትሽን ሳሉን በሎሚ እንዲያስታግስ ንገሪልኝ። ትልቁን ልጅ ግንባሩን፣ መንትዮቹን ጉንጫቸውን በኔ ምትክ ሳሚልኝ፤ እኩል ይሁን፣ እንዳይጣሉ። ጎረቤትሽን ያቺን ሳቂታዋን ሰላም በዪልኝ። ለራስሽ ደግሞ ትራስ ከወገብሽ ሥር አድርጊ።

የምትወድሽና ያሳበቀችብሽ ታላቅ እህትሽ

ከመዝገብ ቤቱ መስኮት አጠገብ
ሰኔ ፫ ቀን፣ ሐሙስ