ወንዙን የምትሻገረው ልጅ

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ፣ ለንባብ ክበቡ ልጆች ስለ ድሮ ጦርነት የሚተርክ ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ። ባለፈው ልጅቷ ሸሽታ ወንዝ የምትሻገርበት ምዕራፍ ላይ ደረስን። ጉድ እኮ ናቸው! ገና አፌን ስከፍት ቀጣዩን ቃል ያውቁታል። ስጨርስ ትንሿ፣ «እማማ፣ ዛሬም ተሻገረች!» ብላ አጨበጨበች። ትልቋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ያቆምኩበት ገጽ ላይ ቀይ ክር ማስቀመጥ ልማዴ አይደል? ቤት ገብቼ መጽሐፉን ስከፍተው፣ እዚያችው ገጽ ላይ ሦስት ክር አገኘሁ።

በል ደህና ሁንልኝ። ይህን ባለፈውም ጽፌልህ ከሆነ፣ እንደ ልጆቹ ዝም ብለህ አንብብልኝ።

ሁሌም የምትናፍቅህ
እናትህ