ሳልነግረው ያለፈው ሰልስት

ጥር 16 ቀን 1956፣ ደብረ ማርቆስ

የፈተና ወረቀት አርሜ ጨረስኩ። ሰባተኛ ክፍሎች በታሪክ አዋርደውኛል። አንዱ የፋሲልን ግንብ አምጥቶ ደብረ ማርቆስ ተክሎታል። ምን ልበለው... እኔስ ግንብ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አውቃለሁ? ስድስት ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ እያነበቡ ማስተማር።

ነገ ጉዞ ነው። ከቢያዝን ጋር በብስክሌት እስከ መርጡለ ማርያም። ሉማሜ፣ ቁይ፣ ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያ እዚያው መርጡለ ማርያም ያለው የድሮ ግንብ። ቢያዝን የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ለግንብ ደንታ የለውም። የሚሄደው ለእናቱ ነው። እማማ ሽታዬ አምና ሲታመሙ፣ ብድን ብለው ለማርያም የከፋይ ጃንጥላ ተስለው ነበር። በሃያ አንድ፣ በክብረ በዓሏ ሊያስገባላቸው ነው። ጃንጥላውን ብስክሌቱ ላይ ጠፍሮ አሰረው።

"ጠመንጃ ያነገተ ሽፍታ መስለሃል" አልኩት።

"አንተ ደግሞ ግንብ ሊሰርቅ የሚሄድ" አለኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ እማማ ሽታዬ በር ድረስ ሸኙኝ። ለነገ ስንቅ ዳቦ ቆሎ ጠቅልለው ሰጡኝ። "ቁልቁለት ላይ አትሽቀዳደሙ" አሉ።

ጥር 17፣ ሉማሜ

መቀመጫዬ አለቀ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ጥር 18፣ ቁይ

ከየት ልጀምር...

ወደ ማታ ቁይ ገባን። ቢያዝን አቧራውን ሊታጠብ ወንዝ ወረደ። እኔ ብስክሌቶቹን እየጠበቅኩ ሳለ አንድ ሰው ከቆመ ጭነት መኪና ኋላ ጠራኝ። አንሙት ነው፣ የቢያዝን የአጎት ልጅ።

"ወዲህ ና፣ እንዳያየኝ።"

"ምነው፣ ምን ሆንክ?"

"አክስቴ ሽታዬ... ትናንት ማታ ዐረፈች። ድንገት ነው። ዛሬ ጠዋት ሬሳ ሳይወጣ ነው እኔን የላኩኝ።"

ንገረው እንጂ አልኩት። "በሰው አገር፣ ያለ ዘመድ? ነውር ነው" አለ። መርዶውን ሽማግሎች ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይነግሩታል። ቢያዝን አንሙትን ካየው ደግሞ ከፊቱ ያውቅበታል። ስለዚህ እኔ፣ ዳይሬክተሩ ይፈልግሃል ብዬ ነገ ጠዋት በዚሁ መኪና ላሳፍረው። ቀብሩ እንደሆነ አልፏል፤ ለረቡዕ ሰልስት ግን ይደርሳል።

"አደራህን፣ ፍሥሐ።"

"እሺ" አልኩ። ምን ቸገረኝ፣ አንድ ቃል ነው።

ቢያዝን ከወንዝ ሲመለስ ፀጉሩ ውሃ ያንጠባጥባል። "ምነው ጠቆርክ?" አለኝ። ደክሞኝ ነው አልኩት።

ጥር 19፣ ቢቸና

መኪናው ጠዋት ጥሩንባውን ነፋ። ቢያዝን ጎማ ይነፋ ነበር። አፌን ከፈትኩ... "ፍሬንህን አይተኸዋል?" አልኩት። መኪናው ሄደ።

ለምን? መንገዱን ሁሉ ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ። ስለታቸውስ? ስለት ተስሎ መቅረት ለሟች ከባድ ነው ይባላል። ጃንጥላው ሳይገባ ቢመለስ ዕድሜ ልኩን አይቆጨውም? ደስ ብሎት ይሂድ፣ ሁለት ቀን ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቢቸና ደረስኩ።

ጥር 20፣ ደብረ ወርቅ

ሰልስታቸው ዛሬ ነው። ሰው ሁሉ ቤታቸው ተሰብስቧል። ልጃቸው የደብረ ወርቅን አቀበት ብስክሌት እየገፋ ይዘፍናል።

ድምፁ አያምርም፣ ሲዘፍን ግን አያፍርም። መንደሩ ያለው ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። ሴቶች ከየደጃፉ ወጥተው ሳቁብን። "እናንተ ሰዎች፣ የተሸከማችሁት ፈረስ ነው ወይስ የሚሸከማችሁ?" አለች አንዷ። ቢያዝን ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ይህቺን ለእናቴ ነው የምነግራት" አለ።

ወደ አጥር ዞሬ ጫማዬን አሰርኩ። ያልተፈታ ጫማ።

አሁን ብነግረውስ? "ለምን ትናንት አልነገርከኝም?" ቢለኝ መልሱ ምንድን ነው? በዘገየሁ ቁጥር እየባሰ ሄደ።

ጥር 21፣ መርጡለ ማርያም

ጃንጥላው ገባ። የተቀበሉት ቄስ ሽማግሌ ናቸው። "የባለ ስለቷ የክርስትና ስም?" አሉ።

"ወለተ ሥላሴ" አለ ቢያዝን።

"በጸሎት የማነሣት ከሕያዋን ነው ከሙታን?"

"ኧረ አለች፣ አባቴ! ደኅና ናት።"

"ዕድሜዋን ያርዝመው።"

"አሜን" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም አሜን እንድል። አልኩ። በማርያም ደጃፍ፣ በበዓሏ ቀን።

ከዚያ ግንቡን አየሁ። ጣራ የለው፣ ግማሹ ፈርሷል። ድንጋዩ ላይ አበባ ተቀርጿል፣ ልክ እንደ ጥልፍ። በእርምጃ ለካሁት፣ በደብተሬ ሳልኩት። አንድ ሰዓት ያህል ሁሉንም ረስቼ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፣ ይህን የሚያነበው እኔ ብቻ ነኝ፦ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቢያዝን ጥላ ስር ተጋድሞ ይጠብቀኝ ነበር። "ጠገብከው?" አለኝ።

ጥር 24፣ ደብረ ማርቆስ

ብስክሌቶቹን ጭነት መኪና ላይ ሰቅለን ትናንት ወደ ማታ ገባን። አንሙት መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ቢያዝንን አጎቱ ቤት አሳደሩት። ምንም አልጠየቀም።

ዛሬ ማለዳ ሽማግሎቹ ገቡ። እኔ ውጭ አጥሩ ጋ ነበርኩ። ጩኸቱን ሰማሁ። "እናቴን! እናቴን!" ይላል። ከዚያ "መቼ?" አለ። "መቼ ነው?" ቀኑን ነገሩት።

አንሙት ሲወጣ አየኝ። "አደራ ብዬህ ነበር" አለና አልፎኝ ሄደ።

የካቲት 4

ትምህርት ቤት ተመለሰ። ራሱን ተላጭቷል። ሰላምታ ይሰጠኛል። ሰላምታ ብቻ።

የካቲት 27

የአርባ ቀን ተዝካር። ልቅር ልሂድ ስል ቆይቼ ሄድኩ።

እህቱ ስሜነሽ ዳሱ በር ላይ እጄን ይዛ አለቀሰች። "ስለቷ እንዳይቀር ብለህ ነው ዝም ያልከው፤ እግዜር ይስጥህ" አለች። ይህን ማን አላት? ራሷ ፈጥራው ነው፣ ደግ ሰው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

ቢያዝን ጠላ እየቀዳ ነበር። ሰምቷል። እኔ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ፣

"እውነት ለስለቷ ነው?" አለኝ።

ለመዋሸት መንገዱ ተጠርጎ ነበር። አቃተኝ።

"አይደለም። ግንቡ ነው። ከተመለስን መቼም አላየውም ብዬ ነው።"

ዋንጫዬ እስኪሞላ ጠላውን ቀዳ።

"አውቅ ነበር" አለ። "ስትለካው ፊትህን አይቼዋለሁ። ከአፍህ እስክሰማ ነው የጠበቅኩት።" የጠላውን ማሰሮ ቀና አድርጎ፣ "ለስሜነሽ እንዳትነግራት። እሷ ያመነችውን ትመን" አለ።

ከዚያ ከጎኔ ወደተቀመጡት ሽማግሌ አለፈ።

ጠላውን ጠጥቼ ወጣሁ። የእኔም እናት ቡሬ አሉ፣ አርጅተዋል። እዚህ ዘመድ የለኝም። አንድ ቀን ማለዳ የቤቴ በር ይንኳኳል፣ ያ የማይቀር ነው። ማን እንደሚነግረኝ ሳላስበው አውቀው ነበር፤ ቢያዝን ነበር የሚነግረኝ።