የቅዳሜ ጠዋቱ ሞተር

የሆዴ ልጅ፣ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ፤ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የአባትሽ የጄኔሬተር ኪራይ ግን ቀዝቅዟል። የሠርግ አዳራሾቹ የራሳቸውን ገዙ፤ ባለሱቆቹም ጣሪያቸው ላይ ሶላር ሰቀሉ። ትንሿን አልፎ አልፎ የሚወስዳት አለ፤ ትልቁን የሚጠይቅ ጠፍቷል።

ባለፈው ሲመሻሽ መብራት ሄደና ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። አባትሽ ራቱን ትቶ ተነሳ፤ ነዳጅ ሞላና ስልኩን ይዞ በር ላይ ቆመ። ማንም ሳይደውል መብራቱ መጣ። ጎረቤት ሁሉ በደስታ ሲጮህ እሱ ብቻ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አለ። «መጣ አይደል?» አለኝ።

ሞተር ሥራ ፈትቶ ከከረመ ይበላሻል እያለ፣ ትልቁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ያስነሳዋል። ለማንም አያበራም፤ እሱ ግን እጁን ጭኖበት ይቆማል። ጎረቤቶች «ጆሯችን ደነቆረ» ይላሉ። ይበሉ፣ የት አባታቸው!

አምላክ ብርሃንሽን አያጥፋብኝ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ስትደውዪ «ሥራ እንዴት ነው?» አትበዪው። እንቅልፍሽን ቢያበላሽብሽም፣ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ሲጮህ ደውዪለት። «አይሰማኝም፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ ደውዪ!» ብሎ እንደ ድሮው ይቆጣሽ።

እናትሽ