አንሶላና ስድብ

እህቴ፣ ተኝተሽ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም።
ውሸቴን ነው፤ ፊትሽን ማየት ፈርቼ ነው።

ትናንት ሆቴሉ ውስጥ ለሥራ ሲፈትኑሽ የሳቁብሽ በእኔ ጥፋት ነው። አንሶላን በእንግሊዝኛ «ሺይት» ብለሽ፣ ረዘም አድርገሽ፣ በትክክል ትጠሪው ነበር። «አትጎትቺው፣ ያስቅብሻል» ብዬ ያሳጠርኩብሽ እኔ ነኝ። ሲያጥር ለካ ስድብ ነው! ተመልሰሽ «ምላሴ አይረባም» እያልሽ ስታለቅሺ ገብቶኝ ነበር፤ አፍሬ ዝም አልኩ።

አሁን ደጅ ወጥቼ ለፈተነችሽ የሆቴሉ ኃላፊ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ስቃ ስቃ ሲበቃት «ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሳ ትምጣ» አለችኝ።

ሸሚዝሽን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ምሳሽ ድስቱ ውስጥ ነው፤ ሳትበዪ እንዳትወጪ።

እዚያ ስትደርሺ አንሶላውን እንደ ድሮሽ አርዝመሽ ጥሪው።
ከእንግዲህ ላርምሽ ስል «አንቺ ዝም በይ» በይኝ።